የጤና ዳታ ከየት ልውሰድ? ዲኤችኤስ፣ ዲኤችአይኤስ 2 እና ዓለም አቀፍ ግምቶች ሲነጻጸሩ

ስለ ኢትዮጵያ ጤና ለመመረቂያ ጽሑፍም ሆነ ለፕሮፖዛል ቁጥር የሚፈልግ ሰው ዞሮ ዞሮ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ጋ ይደርሳል። ሦስቱም ክፍያ አይጠይቁም። የሚለያዩት በሚመልሱት ጥያቄ ነው። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የሁለት ነገሮችን ግንኙነት፣ ለምሳሌ የእናት ትምህርት ከልጅ መቀንጨር ጋር ያለውን ዝምድና ለማየት፣ እኔ ያለማመንታት የምመርጠው በናሙና በተመረጡ ቤተሰቦች ላይ የሚካሄደውን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ማለትም ዲኤችኤስን ነው። ሙሉው ጥናት በ2000፣ 2005፣ 2011 እና 2016፣ አነስተኛው ደግሞ በ2014 እና በ2019 ተካሂዷል። ጥያቄዎቹ በአብዛኛው ተመሳሳይ ስለሆኑ ዓመታትን ማወዳደር ይቻላል፤ በጤና ተቋም የተካሄደ ወሊድ በ2016 ከነበረበት 26 በመቶ በ2019 ወደ 48 በመቶ ከፍ ብሏል። ዳታሴቱን የሚያወርድ ሰው ግን ቪ005 የሚባለውን የናሙና ክብደት (ናሙናው ሕዝቡን በትክክል እንዲወክል የሚያስተካክለውን ቁጥር) ለአንድ ሚሊዮን አካፍሎ መጠቀም አለበት። ይህን የዘለለ ትንተና አማካሪ ፊት አይቆምም።

ዲኤችኤስ የማይሆንበትም አለ። የ2016ቱ የእናቶች ሞት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 412 ነው ተብሎ በየቦታው ይጠቀሳል፤ የስህተት ወሰኑ ግን ከ273 እስከ 551 ነው። በአገር ደረጃ እንዲህ ከሰፋ በክልል መከፋፈሉ ትርጉም የለውም። የሲዳማን ቁጥር ለብቻው የሚፈልግም በ2016ቱ ሪፖርት አያገኘውም፤ ሲዳማ ክልል የሆነው በ2020 ነውና ያኔ በደቡብ ውስጥ ነበር። ለዲኤችኤስ ይሰጥ የነበረው የአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ በ2025 መጀመሪያ ላይ ሲቋረጥ የዳታ ጥያቄ ተስተጓጉሎ ስለነበር፣ ርዕስ ከማጽደቅዎ በፊት ዳታሴቱ እጅዎ ይግባ።

ጥያቄዎ የወረዳ ወይም የወር ከሆነ ከዲኤችአይኤስ 2፣ ማለትም ከጤና ሚኒስቴር የኤሌክትሮኒክ ሪፖርት ሥርዓት፣ ሌላ አማራጭ የለም። ጤና ጣቢያዎች በየወሩ የሚልኩት ሪፖርት የሚጠራቀመው እዚያ ነው፤ ጊዜውም የሚቆጠረው በእኛ አቆጣጠር ነው። ለሁሉም ክፍት ስላልሆነ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ጤና ቢሮ መመላለስ ግድ ነው። ትልቁ ወጥመድ አካፋዩ፣ ማለትም ሽፋን ሲሰላ የተከተቡት የሚካፈሉበት የሕፃናት ብዛት፣ ነው። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ2007 በመሆኑ የወረዳው ሕፃናት ብዛት ከዚያ እየተሰላ የመጣ ትንበያ ነው፤ የክትባት ሽፋን ከ100 በመቶ በላይ ሆኖ የሚገኘውም በአብዛኛው በዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ ከሽፋኑ መቶኛ ይልቅ የተከተቡትን ሕፃናት ብዛት ከወር ወር ቢከታተሉ ይሻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ዳታ ገጽ እና በሲያትል የሚገኘው የጤና መለኪያና ግምገማ ተቋም (IHME) የሚያወጣው የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት ለመግቢያ አንቀጽና ኢትዮጵያን ከኬንያ ለማወዳደር ምቹ ናቸው፤ ደብዳቤም አይጠይቁም። አብዛኛው ቁጥር ግን በሞዴል የተሰላ ግምት ነው። የበሽታ ጫና ጥናቱ አዲስ ዙር በወጣ ቁጥር የድሮዎቹንም ዓመታት እንደ አዲስ ስለሚያሰላ ሁለት ዙሮችን ቀላቅሎ አዝማሚያ ማውጣት አይቻልም። ከዚህ የባሰው ግምቱን ወስዶ ከገቢና ከትምህርት ጋር ማዛመድ ነው፤ ሞዴሎቹ ገቢንና ትምህርትን አስቀድመው ተጠቅመውባቸዋልና የሚያገኙት ራሱን ሞዴሉን ነው። የዓለም ባንክ የሕፃናት ሞት ሰንጠረዥም ከተባበሩት መንግሥታት ኤጀንሲዎች የተወሰደ ስለሆነ፣ ሁለቱን ጠቅሶ «ሁለት ምንጮች ተስማምተዋል» ማለት አያስኬድም።