ጠርጣራ ድመትን ሳይጎዱ ለመያዝ፦ የሳጥን ወጥመድ ወይስ የሚደፋው?

ሰው ያለመደች ድመትን ለማምከን፣ ለማስከተብ ወይም ለማሳከም በባዶ እጅ መያዝ አይሞከርም፤ ንክሻዋ ጥልቅ ነው፣ ቶሎም ያመረቅዛል። ስለዚህ ወጥመድ ያስፈልጋል። ወጥመዶቹ ሲያዩዋቸው ሁሉም የሽቦ ሳጥን ይመስላሉ፤ ዋናው ልዩነታቸው ግን በሩን የሚዘጋው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። በሳጥን ወጥመዱ ድመቷ ራሷ ወለሉ ላይ ያለውን መርገጫ ረግጣ ትዘጋለች፣ በሚደፋው ገመድ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ይዘጋባታል። እምብዛም ለማትጠራጠር ድመት የመጀመሪያው ይበቃል። አንዴ ገብታ ላመለጠች ግን የዚያኑ ዓይነት ተለቅ ያለ ወጥመድ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ የፈራችው ጠባቡን መተላለፊያና ከእግሯ ሥር የሚንቀሳቀሰውን ቆርቆሮ ነውና።

ባለ መርገጫ የሳጥን ወጥመድ

መጀመሪያ የሚታየው ርዝመቱ ነው። ለአዋቂ ድመት ከ75 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 25 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋትና ቁመት ያስፈልጋል። ከዚህ ሲያጥር መርገጫውን ስትነካ የኋላ እግሯና ጅራቷ ገና በሩ ሥር ናቸው፤ በሩ ወገቧ ላይ ያርፋል፣ እሷም ወደ ኋላ ተስባ ትወጣለች። ጠርጣራ ድመት የምትፈጠረው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ለትልቅ ወንድ ድመት 90ውን መምረጥ ይሻላል።

በስፕሪንግ የሚዘጋ በር ፈጣን ነው፣ ግን ድምፁ ያስደነግጣል፤ በአካባቢው ያሉት ሌሎች ድመቶች ለዚያ ቀን ይበታተናሉ። በራሱ ክብደት የሚወድቀው ለስለስ ይላል፣ ግን ወጥመዱ ዘንበል ባለ መሬት ላይ ከተቀመጠ መቆለፊያው ላይይዝ ይችላል። ሲገዙ በሩን ዘግተው ከውስጥ በኩል በጣት ይግፉት፤ ከዚያ ሳጥኑን ገልብጠው ይነቅንቁት። ከተከፈተ አይግዙት፤ መኪና ውስጥም ይከፈታል።

የሽቦው ዓይን ሲሰፋ ችግሩ ብዙ ነው፦ ሌላ ድመት ከውጭ እጇን አስገብታ ምግቡን ትጎትታለች፣ የተያዘችውም አፍንጫዋን እያስገባች ትልጣለች። 1.25 በ2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ዓይን ጥሩ ነው።

የኋላ በር ያለውንና የሌለውን ሲያወዳድሩ ግን ማመንታት አያስፈልግም፤ ያለውን ይግዙ። ወደ ላይ የሚሳብ የኋላ በር ምግቡን መርገጫውን ሳይነኩ ለማስቀመጥ፣ ድመቷንም ወደ ሌላ ሳጥን ለማዛወር ያገለግላል። በሩ ከሽቦ የተሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ በድፍን ቆርቆሮ የተዘጋው ጫፍ ለጠርጣራ ድመት መውጫ የሌለው ጉድጓድ ነው።

ሁለቱም ጫፎቹ የሚከፈቱት ወጥመድ ይህን ፍርሃት ይቀንሳል ተብሎ ይሸጣል። እውነት ነው፣ ወዲያ ማዶ ይታያል። ነገር ግን መርገጫው መሃል ላይ ስለሆነ ለሰውነቷ የሚቀረው ቦታ ያጥራል፤ ከሁለቱ በሮች አንዱ ቢዘገይም ታመልጣለች። ባለ ሽቦ የኋላ በር ያለው ተራ ሳጥን ያንኑ ጥቅም በቀላሉ ይሰጣል።

የሚደፋው ወጥመድ

ይህኛው ወለል የለውም። 90 በ90 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ክፈፍ፣ ከላይና ከጎን በመረብ ወይም በሽቦ የተሸፈነ፣ በአንድ ወገን በእንጨት ተደግፎ የሚቆም ነው። እንጨቱ ላይ የታሰረው ገመድ ሲሳብ ይደፋል። ድመቷ ጠባብ ነገር ውስጥ ስለማትገባ ከሳጥን የሸሸችም ብዙ ጊዜ ትገባለች። ሌላው ትልቅ ጥቅሙ መምረጥ ማስቻሉ ነው፦ የጆሮዋ ጫፍ የተቆረጠ፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ አስቀድማ የመከነች ድመት ብትገባ ገመዱን አይስቡም።

ሲገዙ ክብደቱን ይመርምሩ። በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ የተሠራውን ድመቷ ተወርውራ ታነሳዋለች፤ ከመጠን በላይ የከበደው ደግሞ ቢያርፍባት ይጎዳታል። መካከለኛ የእንጨት ክፈፍ ይስማማል። ከዚህም በላይ በጎኑ ያለው ተንሸራታች በር ከሳጥንዎ የኋላ በር ጋር መግጠም አለበት፤ ያለዚያ የያዙትን ማውጣት አይችሉም። ወጥመዱ ብቻውን አይሠራም ማለት ነው፤ ሳጥን የሌለው ሰው የሁለት ዕቃ ዋጋ ያስብ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ምግቡን ከእንጨቱ ርቆ በሚገኘው ጫፍ ያስቀምጡ። ጅራቷ ጭምር ገብቶ፣ አንገቷን ደፍታ መብላት ስትጀምር ገመዱን በአንድ ጊዜ ይሳቡ፤ ቀስ ብሎ መጎተት እንጨቱን ያንፏቅቀዋል እንጂ አይጥለውም። ወዲያው በወፍራም አንሶላ ይሸፍኑት፤ ጨለማ ያረጋጋታል። ከዚያ ያልተሸፈነውን ሳጥን በር ለበር ያጋጥሙ፣ ሁለቱንም በሮች ይክፈቱ። ወደ ብርሃኑ ትሮጣለች። የሳጥኑ በር መቆለፉን ሳያረጋግጡ አያላቅቁ፤ ክፈፉንም ከፍ አድርገው ለማየት አይሞክሩ። ወጣ ገባ መሬት ላይ ጭንቅላቷ የሚያልፍበት ክፍተት ከቀረ ሥራው ከንቱ ነው።

በሪሞት የሚዘጉት

የገመዱን ሥራ በባትሪ የሚሠሩ ናቸው። ርቀት ይሰጣሉ፣ ግን አንዳንዶቹ በሩ ከመውደቁ በፊት ቀጭ ይላሉ፤ ጠርጣራ ድመት ለመዝለል ያ ይበቃታል። ከመክፈልዎ በፊት ቁልፉን ተጭነው ያዳምጡ። ለነገሩ የተራ ሳጥን በር ውኃ በተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ደግፎ፣ ጠርሙሱን በረጅም ገመድ መሳብም ያንኑ ይሠራል። ክብደታቸው መርገጫውን ለማያንቀሳቅሰው ግልገሎችም ይህ ዘዴ ይሻላል።

የትኛውን ቀድሞ መግዛት?

መጀመሪያ ባለ ኋላ በር ሳጥን። በሩን በፕላስቲክ ማሰሪያ ክፍት አድርገው አስረው ለተወሰኑ ቀናት እዚያው ይመግቧት፤ ምግቡን ከአፉ ጀምሮ በየዕለቱ ወደ ውስጥ ያስገቡ። የሽቦውን ወለል በጋዜጣ ይሸፍኑ፣ ነፋስ እንዳያንኳኳው በፕላስተር ያጣብቁ። መርገጫውን እየዘለለች ከሆነ ከእሱ ትንሽ የሚረዝም ካርቶን ያልብሱት። በሚያጠምዱበት ቀን ከ24 ሰዓት በፊት ጀምሮ ምግብ ይከልክሉ፣ ውኃ ግን አይከልከሉ። በዘይት የታሸገ ቱና ወይም ሰርዲን አንድ ማንኪያ ይበቃል፤ በጣሳ ወይም በብርጭቆ አያስቀምጡት፣ ስትደናገጥ ያቆስላታል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ብቻ የምትመለከት ከሆነ ያኔ የሚደፋውን ይጨምሩ። አብሮት ሊመጣ የሚችለውን አጭር ገመድ ከ6 እስከ 10 ሜትር በሚደርስ ይቀይሩት፤ ሰው አጠገቧ ከቆመ አትገባም። የተጠመደ ወጥመድን ደግሞ፣ የትኛውም ይሁን፣ ከዓይን ርቆ አይተዉት፤ ፀሐይና ዝናብ እንዲሁም ውሻ የተያዘች ድመትን ይጎዳሉ።