ዳይኖጄት 224 ለአውቶማቲክ መኪና፦ መጀመሪያ ማርሹን ጠይቁ

ዳይኖጄት 224 የተባለው የመኪና ጉልበት መለኪያ ማሽን የሚወደድበት ምክንያት አሠራሩ ቀላል መሆኑ ነው። ጎማው ባለ 24 ኢንች ከባድ ከበሮ ያሽከረክራል፤ ኮምፒውተሩ ከበሮው ፍጥነት የጨመረበትን መጠን ለክቶ የፈረስ ጉልበቱን ያሰላል። መኪናው አውቶማቲክ ሲሆን ግን የቁጥሩ ታማኝነት የሚወሰነው በማሽኑ ብቻ ሳይሆን ኦፕሬተሩ በሚመርጠው ማርሽም ነው።

ማርሽ ጉልበት አይፈጥርም፤ ቶርክን (የማዞር ኃይልን) ሲያበዛ ዙርን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ታዲያ ንባቡ ለምን ይለያያል? በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ዙሩን ቶሎ ስለሚጨምር፣ ክራንክሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) እና ኮንቨርተሩን (ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት የሚያገናኘውን ክፍል) ለማፍጠን የሚሄደው ጉልበት ይበዛል፤ ያ ደግሞ ከበሮው ጋ አይደርስም። ይህ ጫና የሚያድገው በማርሹ ሬሾ (የዙር ምጣኔ) ካሬ ነው። በዜድኤፍ ባለ 8 ማርሽ ካምቢዮ ስድስተኛው 1.00፣ አምስተኛው 1.285፣ ሦስተኛው 2.1 ገደማ ነው። ስለዚህ ከስድስተኛው ጋር ሲነጻጸር ጫናው በአምስተኛ 1.65 እጥፍ፣ በሦስተኛ 4.4 እጥፍ ይሆናል። በሦስተኛ የተለካ መኪና ዝቅ ብሎ ቢነበብ ሞተሩ ደክሟል ማለት አይደለም።

አንድ ለአንድ የሆነው ማርሽ ተመራጭ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ በጂኤም 4ኤል60ኢ ሦስተኛው፣ በፎርድ 10አር80 ሰባተኛው ማለት ነው። ችግሩ ፍጥነቱ ነው። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር፣ የዲፈረንሻሉ ሬሾ 3.15 ከሆነ፣ በ7000 ዙር ከበሮው ላይ 267 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይደርሳል። መኪናው በ250 የሚገደብ ከሆነ የራሱ ኮምፒውተር ጉልበቱን ሞተሩ ጫፍ ሳይደርስ ይቆርጠዋል። በዜድኤፉ አምስተኛ (1.285) ግን 207 ላይ ያልቃል፤ እንዲህ ላለው መኪና አምስተኛው ትክክለኛ ምርጫ ነው።

ብዙ ልኬት የሚበላሸው ኮንቨርተሩ ላይ ነው። ካልተቆለፈ፣ ማለትም ሁለቱ ጎኖቹ እኩል እንዲዞሩ ካልተያያዙ፣ ይንሸራተታል፣ ዘይቱን ያሞቃል፣ ጉልበትም ይበላል። የዙር መረጃ ከሞተሩ በቀጥታ ካልተወሰደና ሶፍትዌሩ ከከበሮው ፍጥነት ካሰላው ደግሞ ስሕተቱ ይብሳል፤ ሞተሩ ከተሰላው በላይ ስለሚዞር ቶርኩ ያለ አግባብ ከፍ ብሎ ይወጣል። የፈረስ ጉልበቱ ልኬት በዚህ አይዛባም፤ ግራፉ ላይ የሚቀመጥበት ዙር ግን ይሳሳታል። ስለዚህ ዙሩ በኦቢዲ (በመኪናው የምርመራ ሶኬት) ወይም በሴንሰር ይነበብ።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ካምቢዮውን ማንዋል ላይ አድርጎ የተመረጠው ማርሽ ውስጥ መግባት፣ ከ2500 ዙር አካባቢ ነዳጁን ቀስ አድርጎ መስጠት፣ ኮንቨርተሩ መቆለፉን ስካነር ላይ ማየት፣ ከዚያ ፔዳሉን ሙሉ በሙሉ መጫን። አንዳንድ መኪኖች ማንዋል ላይም ሆነው፣ ፔዳሉ ወለሉ ጋ ያለችውን ማብሪያ ሲነካ ማርሽ ይቀንሳሉ፤ እዚያ ሳይደርሱ ማቆም ይበጃል። በመሐል ማርሽ የተቀየረበትን ግራፍ መጣል ነው፤ በሶፍትዌሩ የግራፍ ማለስለሻ በመጨመር አይድንም።

በማግኔት ፍሬን የሚጫነው 224 ኤልሲ ዋጋው ከፍ ቢልም ለአውቶማቲክ የምመርጠው እሱን ነው፤ ዙሩን አንድ ቦታ ይዞ ኮንቨርተሩ እስኪቆለፍ መጠበቅ ያስችላል። ተራው ሞዴል ለቅድመና ድኅረ ጥገና ንጽጽር ይበቃል፣ ማርሹ፣ የጎማው ንፋስና የማሰሪያው ጥብቀት እስካልተለወጡ ድረስ። ውጤቱን ስትቀበሉ ማርሹ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ፤ ለአየር ሁኔታ የሚደረገው ማስተካከያ ኤስኤኢ ይሁን ወይስ ኤስቲዲ (ሁለት የስሌት ደረጃዎች ናቸው) እሱንም እዩ፤ ኤስቲዲ 4 በመቶ ገደማ ከፍ አድርጎ ያሳያል።