ስታንዱን በምርቃት የሚሰጧችሁን ክሪክ አትግዙ

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር፣ ዘይትና የፍሬን ሸራ ግቢያችሁ ውስጥ ራሳችሁ ለምትቀይሩ ሁሉ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። በፕላስቲክ ሻንጣ የሚሸጥ ትንሽ ባለ ጎማ ክሪክ አለ፤ ላዩ ላይ «3 ቶን» የሚል ደማቅ ተለጣፊ፣ አጠገቡ ሁለት ስታንድ፣ ማለትም መኪናው ከተነሳ በኋላ የሚያርፍበት ባለ እግር ብረት። ዋጋ የሚጠራው ለክሪኩ ነው፤ ስታንዶቹ ምርቃት ናቸው። «አቦ ውሰደው፣ ላንድክሩዘር ያነሳል!» ይላል ሻጩ። ሊያነሳም ይችላል። ክሪኩ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ግን፣ እናንተ ከስር ተንጋላችሁ ቡሎን ስትፈቱ መኪናውን ተሸክሞ የሚቆየው ያ በነጻ የመጣው ዕቃ ነው።

የዘይት ክሪክ ጭነቱን የሚይዘው በታፈነ ዘይት ነው። ዘይቱን የሚያፍኑት የፒስተኑ ጎሚኒና ከአተር የምታንስ የብረት ኳስ ናቸው። ኳሷ መቀመጫ ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባች ወይም ጎሚኒው ከተላጠ ዘይቱ ሾልኮ ይመለሳል፣ መኪናውም ይወርዳል፤ አንዳንዴ ቀስ እያለ፣ አንዳንዴ ባንዴ። ውድ ክሪክም ቢሆን ጎሚኒው ሲያረጅ ዕጣው ይኸው ነው። ስታንድ ውስጥ ግን የሚሾልክ ነገር የለም፤ ብረት ብረት ላይ ያርፋል። ገንዘብ ካጠረ ክሪኩን ከጎረቤት ተዋሱና ስታንዱን ግዙ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን ተገላቢጦሹን ነው።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። እውነተኛው አቅም ብረቱ ላይ ተቀርጾ ወይም በሪቬት በተያዘ ሰሌዳ ላይ ይገኛል። ተለጣፊው 3 ቶን፣ ክንዱ 2 ቶን ካለ ክንዱን እመኑ። ብረቱ ላይ ምንም ካልተጻፈ ዕቃውን እዚያው ተዉት። ሚዛንም ይመሰክራል፦ የሻንጣው ትንሹ ባለ 2 ቶን ክሪክ 8 ወይም 9 ኪሎ ቢመዝን ነው፤ ለጋራዥ የተሠራ ባለ 3 ቶን የብረት ክሪክ ግን 30 ኪሎ አካባቢ ስለሚሆን በአንድ እጅ አንጠልጥላችሁ አትሄዱም። ቪትዝ 1 ቶን ገደማ፣ ኮሮላ እንደ ዓመቱ ከ1.1 እስከ 1.3 ቶን፣ ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ ባዶውን 2 ቶን አካባቢ ይመዝናሉ። በፊት ጎማ በሚነዱት ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ ፊት ላይ ነው። ስለዚህ ለቪትዝና ለኮሮላ ቁጥሩን ያልዋሸ ባለ 2 ቶን ክሪክ ይበቃል። ጣጣው ያለው በዚያው ሻንጣ ፒክአፕ ላነሳ ሲባል ነው።

ስታንድ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። አንዳንድ አምራቾች የሚጽፉት አቅም የጥንዱ እንጂ የአንዱ አይደለም። «2 ቶን» የተባለው ለሁለቱ ከሆነ አንዱ የሚችለው 1 ቶን ብቻ ነው። ጽሑፉ ጥንድ ይሁን ነጠላ ካልለየ፣ የጥንድ ነው ብላችሁ አስሉ።

የከፍታውን ነገር ሻጩ አያነሳላችሁም። የሻንጣው ክሪክ ብዙውን ጊዜ ከ13.5 ሳንቲ ሜትር ተነስቶ 33 ላይ ያበቃል። አብረውት የሚመጡት ስታንዶች ዝቅተኛ ቁመት 27 ወይም 28 ነው። ክሪኩ ጫፍ ደርሶ እንኳ ስታንዱ የሚገባበት ክፍተት ጥቂት ጣት ነው። ለሃይሉክስማ ጨርሶ አይደርስም። ያን ጊዜ ክሪኩ ስር ብሎኬት ይገባል፤ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ጠባብ ቦታ ላይ ጭነት ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል። ከመግዛታችሁ በፊት በሜትር ሁለት ነገር ለኩ፦ ከመሬት እስከ መደገፊያው ቦታ መኪናው ባለበት፣ ከዚያም ጎማው ከመሬት ሲለቅ። ሁለተኛው ልክ ከስታንዱ ዝቅተኛ ቁመት ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር መብለጥ አለበት። ካልበለጠ ዕቃው ለእናንተ መኪና አልተሠራም።

አሁን ስታንዱን እጃችሁ ላይ አድርጉት። ባለ ጥርስ ከሆነ መካከለኛውን ዘንግ አውጥታችሁ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ተመልከቱ፤ ጥልቀታቸው እኩል፣ ጠርዛቸው ያልተሸራረፈ መሆን አለበት። ዘንጉን መልሳችሁ ምላሱ በየጥርሱ እየገባ ሲቆልፍ እዩ፤ ጥርሱን በሙሉ ወርዱ መንከስ አለበት እንጂ በጫፉ ከያዘ ትንሽ መኪናው ሲነቃነቅ ያመልጣል። ከዚያ እላይ ጥርስ ላይ ቆልፋችሁ ራሱን በእጃችሁ በኃይል ወደ ታች ምቱት፣ ወደ ጎንም ወዝውዙት። ጭነት ላይ ሳለ እጀታው ወደ ላይ ሲገፋ ጨርሶ መላወስ የለበትም፤ ከተላወሰ ልጅ በእግሩ ሊያስለቅቀው ይችላል። ከጥርሱ ሌላ የሚሻገር ተጨማሪ ፒን ያለው ካገኛችሁ ጥቂት ጨምራችሁም ቢሆን እሱን ውሰዱ። እግሮቹ ከተጣጠፈ ላሜራ የተሠሩ ከሆነ አራቱም መሬት መንካታቸውን ጠፍጣፋ ሴራሚክ ላይ አስቀምጡና ፈትኑ። የሚወዛወዝ ስታንድ ጭነት ሲያርፍበት «ይስተካከላል» የሚሉትን አትስሙ፤ የሚስተካከለው እግሩ እየተጣመመ ነው።

«የታወቀ ስም ነው» የሚለውም ዋስትና አይሆንም። በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሃርበር ፍሬይት የተባለው ድርጅት በፒትስበርግ ስም የሸጣቸውን ባለ 3 እና ባለ 6 ቶን ስታንዶች፣ 1.7 ሚሊዮን ገደማ፣ እንዲመለሱ ጠርቷል። የማምረቻ መሣሪያው አርጅቶ የአንዳንዶቹ ምላስና ጥርስ በቅጡ አይነካከስም ነበር። በምትካቸው ከተሰጡት ባለ 3 ቶን ስታንዶች መካከልም የብየዳ ጉድለት ያለባቸው ተገኝተው እንደገና ተጠርተዋል። ያገለገለ ዕቃ መሐል ይህን ስም ካያችሁ እለፉት።

እዚሁ የሚበየዱት ስታንዶች ለብቻቸው መታየት አለባቸው። በያጆቻችን እጃቸው ጥሩ ነው፤ ችግሩ ቁሳቁሱ ላይ ነው። ቁመቱ እንዲለዋወጥ ቱቦ ቱቦ ውስጥ ይገባና በቀዳዳ ፒን ይሻገራል። ፒኑ ቁራጭ ፌሮ ሲሆን ጭነት ይለምጠዋል፤ ቱቦው 2 ሚሊ ሜትር ስስ ሲሆን ደግሞ ፒኑ ቀዳዳውን ወደ ሞላላ ይጎትተውና አንድ ቀን ይቀደዳል። ቀዳዳው ከፒኑ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከሰፋ፣ ወይም በችቦ ተበስቶ ጠርዙ ከተጎረበጠ፣ አትግዙ። ብየዳው ላይ ቀለም በወፍራሙ ከተቀባ ጥግ ላይ ፋቁት፤ የእርግብ ኩስ የመሰለ ጉብታ ካያችሁ ብረቱ አልቀለጠም፣ ላዩ ላይ ተንጠባጥቦበት ነው።

ማስበየድ ካለባችሁ ቁመቱ የማይለወጥ ይሁን፤ ደካማው ቦታ ፒኑ ስለሆነ ፒን የሌለው ይሻላል። አራት እግር ከ40 በ40 በ4 ሚሊ ሜትር አንጎላሬ፣ ከታች ዙሪያውን በዚያው አንጎላሬ የታሰረ፣ መሠረቱ ቢያንስ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ለኮሮላ ዓይነት መኪና ከ35 የማይበልጥ። ራሱ 8 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሆኖ ጠርዙ በሁለት በኩል ከፍ ይበል፤ ያለዚያ መኪናው ይንሸራተታል። ብየዳው በ3.2 ኤሌክትሮድ ዙሪያውን ይዙር፤ እዚህም እዚያም ጠብ የተደረገ ነጥብ አይበቃም። ሰው ከስሩ ከመግባቱ በፊት መኪና አሳርፉበትና አሳድሩት፤ ጠዋት ካወረዳችሁ በኋላ ስንጥቅና መጣመም ፈልጉ።

ክሪኩን በአጭሩ። ታድሶ ቀለም የተቀባ አሮጌ ክሪክ በአዲስ ዋጋ ይሸጣል። ፒስተኑን እስከ ጫፍ አውጡና ጥፍራችሁን ሂዱበት፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ጎሚኒውን ይበላዋል። ቀለሙ የዘይት መሙያ ክዳኑንና የቪቴዎቹን ስንጥቅ ደፍኖ ከሆነ ተከፍቶ አልታየም ማለት ነው። ከአቅም በላይ ሲጫን ዘይት የሚመልሰው ቫልቭ በቁልፍ የተነካካ ከሆነም ተዉት፤ 2 ቶኑን ብዙ ለማስነሳት ያጠብቁትና ክሪኩን መከላከያ ያሳጡታል።

ከሁሉ የከፋው የፍሬን ዘይት የተሞላበት ነው። የፍሬን ዘይት የክሪክን ጎሚኒ ያሳብጥና ያለሰልሳል። ሲገዛ ደህና ይመስላል፣ ከጊዜ በኋላ ያፈሳል። ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱ፣ ጠብታውን ውኃ ውስጥ ጣሉ፤ ከውኃው ከተቀላቀለ የፍሬን ዘይት ነው፣ ከላይ ከተንሳፈፈ የሃይድሮሊክ ወይም የሞተር ዘይት ነው። ትክክለኛው ቀጭን የሃይድሮሊክ ዘይት ሲሆን፣ ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ሳለ እስከ ክዳኑ ቀዳዳ ታችኛ ከንፈር ይሞላል። ከዚያ ካለፈ በክዳኑ ይተፋል። ሙቀት ዘይትን ስለሚያቀጥን፣ ሐረር ላይ በጠዋት ብርድ ይዞ የዋለ ክሪክ ድሬ ላይ ቀትር ሲሆን ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ፍተሻው በሙቀት ቢሆን ይመረጣል።

ሻጩ ዘንድ ባለ መኪና የፊት አንድ ጎን አንሱ፣ ማንም ከስር አይግባ፣ ከፍታውን በሜትር ለኩና 10 ደቂቃ ጠብቁ። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከወረደ መልሱለት። ማውረጃውን ሩብ ዙር ብቻ ስትከፍቱ መኪናው ቀስ ብሎ መውረድ አለበት፤ ወዲያው ከወደቀ ቫልቩ ተበላሽቷል። ሲገፋ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነ አየር ገብቶበት ሊሆን ይችላል፦ ማውረጃውን ከፍታችሁ 15 ጊዜ ያህል ግፉ፣ ዝጉ፣ እንደገና ሞክሩ። ይህን ሙከራ የሚከለክል ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል። ደረሰኙ ላይ የክሪኩ አቅምና ሁለቱ ስታንዶች በየራሳቸው ዋጋ ይጻፉ። በምርቃት የመጣ ዕቃ ወረቀት ላይ ስለማይኖር ሲሰበር የሚጠየቅ አይገኝም።

ቦታውን አትናቁ። የድሬ አስፋልት ቀትር ላይ ስለሚለሰልስ የስታንድ ቀጭን እግር ይሰምጥበታል፤ ከየእግሩ ስር ሳይሆን ከስታንዱ ሙሉ ስር 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ አንጥፉ። ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለ አሸዋማ ግቢ ላይ ጣውላም አይበቃም፤ ኮንክሪት ፈልጉ። ኮብልስቶን ላይ አንዱ እግር ድንጋዮቹ መሐል ይገባል። ሐረር ላይ ዳገት ባለበት ሰፈር ደግሞ ጠፍጣፋ ግቢ ካላገኛችሁ ሥራውን ለጋራዥ ተዉ። የወለቀውን ጎማ ከነቸርኬው ከመኪናው ጎን ስር አጋድሙት፤ ስታንዱ ቢከዳ ቦታ ይተርፋችኋል።

የእጅ ፍሬን በአብዛኞቹ መኪኖች የሚይዘው የኋላ ጎማ ነው፤ ኋላው ሲነሳ ጥቅም የለውም። የሐረር ፔጆ 404 ባለቤቶች በተለይ ይህን ልብ በሉ፦ መኪናው በኋላ ጎማ ስለሚነዳ አንዱን የኋላ ጎማ ስታነሱ ማርሽ ውስጥ መተው አያቆመውም፤ ዲፈረንሻሉ የተነሳውን ጎማ እያዞረ መሬት ላይ ያለው እንዲንከባለል ይፈቅዳል። ታኮ ከሁለቱም የፊት ጎማዎች ስር፣ ከፊትም ከኋላም፣ ክሪኩ ከመግባቱ በፊት ይግባ።