ጤፍ፣ ዱቄት ወይስ የተጋገረ እንጀራ? የትኛው ያዋጣል?

አንድ ቅዳሜ ከሱቅ የገዛሁትን እንጀራና እቤት የተጋገረውን በሚዛን ላይ አስቀመጥኳቸው። የቤቱ 380 ግራም ገደማ ሆነ። የሱቁ 250 ግራም። ለዓይን ግን ብዙም አይለያዩም ነበር። የሱቁ ጠበብ ያለ ነው፤ ደግሞም ሳሳ ይላል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ «እንጀራ ስንት ገባ?» የሚለውን ጥያቄ ትቼዋለሁ። የምጠይቀው «ኪሎው ስንት ይመጣል?» ብዬ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። የጤፍ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ለስሌት ብቻ ናቸው፤ እናንተ የሰፈራችሁን ዋጋ ተኩበት። ጤፍ በኪሎ 150 ብር ነው እንበል። ማበጠሪያና ወፍጮ 10 ብር ጨምሩበት፤ 160 ብር። እኔ ቤት ከአንድ ኪሎ ዱቄት አምስት ትልልቅ እንጀራ ይወጣል። አንዱ 32 ብር መጣ ማለት ነው። ሱቅ ያለው ደግሞ 25 ብር ይሸጣል እንበል። የሱቁ የረከሰ ይመስላል፣ አይደል? በኪሎ አስቡት። የቤቱ አምስት እንጀራ 1 ኪሎ ከ900 ግራም ይመዝናል፤ ኪሎው 84 ብር ገደማ ነው። የሱቁ ግን አራቱ ተደምረው አንድ ኪሎ ናቸው፤ 100 ብር።

በቤቱ ላይ መብራት ይጨመራል። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ከቤት ዕቃ ሁሉ በላተኛው እሱ ነው። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን ከፍ ይላል። ስለዚህ ምጣዱን በየሁለት ቀኑ ለአራትና ለአምስት እንጀራ ከማጋል፣ ሊጡን አከማችቶ በአንድ ጊዜ መጋገር ይሻላል። ምጣዱን ለማጋል የሚወጣው ኃይል ለአምስትም ለሃያም እንጀራ ያው ነው።

ጋጋሪ በክፍያ የምታስመጡ ከሆነ የእሷም ሒሳብ ይግባ። ይህ ሲደመር በቤትና በሱቅ መካከል ያለው ልዩነት ሊጠብ ይችላል። አንዳንድ ቤት እንዲያውም ይገለበጣል።

እንግዲህ ገንዘቡ ብቻ ካልለየው፣ ሌላው መለያ ምንድን ነው? ለእኔ የሚገዙትን ነገር ማየት መቻል ነው። ጤፍ እህል ሆኖ ሳለ በዓይንም በእጅም ይታያል። ሲፈጭ ይደበቃል። ሲጋገር ደግሞ የሚቀረን ምላሳችንና የጋጋሪዋ ሐቀኝነት ነው።

እህሉን ስትገዙ አትቸኩሉ። እህል በረንዳም ሂዱ፣ እሁድ ገበያም ሂዱ፣ ከሸማቾች ማኅበርም ግዙ፣ የጆንያው አፍ ላይ ያለውን ብቻ አይታችሁ አትስማሙ። ከመሃልና ከሥር ይውጣላችሁ። በመዳፋችሁ ጨብጡት። ደረቅ ጤፍ በጣቶቻችሁ መሃል እየተንሸራተተ ይፈስሳል፤ እርጥበት ያለው ይያያዛል። እርጥብ ጤፍ ስትገዙ ውሃ በጤፍ ዋጋ እየገዛችሁ ነው። ትንሽ አፋችሁ ውስጥ ጣል አድርጉና አኝኩት። አሸዋ ካለው ኮሽ ይላል። መዳፋችሁ ላይ አሽታችሁ እፍ በሉት፤ የሚቀረው አቧራ ሲበጠር ስንት እንደሚጠፋ ይነግራችኋል። ኩንታል ማለት 100 ኪሎ ነው። በጆንያ ግምት አትቀበሉ፣ ይመዘን በሉ።

በዓይነቱም ላይ አንድ ነገር ልበል። ማኛ ከሁሉም ነጭና ከሁሉም ውድ ነው። ሰርገኛው ነጭና ቀይ የተደባለቀ ነው፤ ዋጋውም ረከስ ይላል። ለዕለት ወጥ ማኛ የግድ አይደለም። ሰርገኛን እንግዳ ፊት ማቅረብ የሚያሳፍራቸው ሰዎች አውቃለሁ፤ ያንን ልዩነት በዓመት ውስጥ ቢደምሩት ለልጅ ደብተርና ጫማ የሚተርፍ ገንዘብ ነው።

ጤፍ ሌላም ጥቅም አለው። ፍሬው ደቃቃ ስለሆነ እንደ በቆሎና እንደ ስንዴ ነቀዝ አይደፍረውም። ከመሬት ከፍ ብሎ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ይከርማል። ስለዚህ አዝመራው ተወቅቶ ገበያ በሚገባበት በታኅሣሥና በጥር ገዝቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ክረምት ላይ ገበያው ሲሳሳ ዋጋው ይወጣል። ኩንታሉን በአንድ ጊዜ መክፈል ከከበደ ሁለትና ሦስት ጎረቤት ሆኖ መካፈል ጥሩ ነው። እኛ ግቢ እንዲህ ነው የምናደርገው።

ወፍጮ ቤት ስትሄዱ እዚያው ቁሙ። ከመበጠሩ በፊትና ከተፈጨ በኋላ አስመዝኑ። ጥቂት መጉደሉ ያለ ነው፤ እብቁና አፈሩ ይወጣል፣ ብናኙም ይተናል። ብዙ ከጎደለ ግን እዚያው ነው መጠየቅ። ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨም ተመልከቱ። ሽሮ የወጣበት ድንጋይ ላይ የእናንተ ጤፍ ከገባ እንጀራው ላይ ይታወቃል።

ዱቄቱ ጋ ስመጣ አልደብቅም፣ ከሦስቱ የማልመክረው እሱን ነው። አንድ ጊዜ ሥራ በዝቶብኝ «ንጹሕ ጤፍ» ተብሎ የተሸጠልኝን አምስት ኪሎ ወሰድኩ። ሲጋገር ነጭና የሚያምር ነበር። በማግስቱ ጠርዙ ደረቀ፣ ስጠቀልለው ተሰነጠቀ። ሩዝ የበዛበት እንጀራ እንዲህ ያደርጋል። ስመልስለት ባለሱቁ «ከእኔ ለመግዛትሽ ምን ማስረጃ አለሽ?» አለኝ። አልነበረኝም። ብሩ ሳይሆን መልስ ማጣቴ ነው ያናደደኝ።

መደባለቁ በራሱ ጥፋት አይደለም። ሩዝም፣ ማሽላም፣ በቆሎም እየቀላቀሉ መጋገር ኑሮው ያመጣው ነው፤ ብዙ ቤት ሆን ብሎ ያደርገዋል። ጥፋቱ ድብልቁን በንጹሕ ጤፍ ዋጋ መሸጥ ነው። ድብልቅ ከፈለጋችሁ ጤፉንና ሩዙን ለየብቻ ገዝታችሁ ራሳችሁ መጥኑት። ዱቄት መግዛት ግድ ከሆነባችሁ ግን እህሉን አይታችሁ ፊታችሁ ከሚፈጭላችሁ ቤት ይሁን። መጀመሪያ አንድ ኪሎ ብቻ ሞክሩና በማግስቱ እንጀራውን ጠቅልላችሁ እዩት።

የተጋገረ እንጀራ ለሚገዛ አንድ ቀላል መፈተኛ አለኝ። በእኔ ቤት ልክ አንድ ኪሎ እንጀራ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ገደማ ዱቄት አለ። ስለዚህ የእንጀራው ኪሎ ዋጋ ከግማሽ ኪሎ ጤፍ ዋጋ ካነሰ ነጋዴው በኪሳራ እየሸጠ ነው ወይም ሌላ ነገር ገብቶበታል። በኪሳራ የሚሸጥ ነጋዴ ደግሞ አላየሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ጀሶና ሳጋቱራ የተቀላቀለበት እንጀራ ተያዘ የተባለውን ዜና የምትረሱት አይመስለኝም። የልጆቻችን ሆድ ውስጥ የሚገባ ነገር ነውና እጅግ የረከሰ እንጀራ ሲገጥማችሁ ከመደሰት በፊት ጠይቁ።

መብታችሁንም እወቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። የገዛችሁት ነገር ጉድለት ከተገኘበት ከገዛችሁበት ቀን አንስቶ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርላችሁ ወይም ገንዘባችሁ እንዲመለስ መጠየቅ ትችላላችሁ። እኔ ያን ዱቄት የመለስኩት በሦስተኛው ቀን ነበር፤ ደረሰኝ ብይዝ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። እምቢ ካለ ወረዳችሁ ያለው ንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይቻላል። የተረፈውን ዱቄት ከነከረጢቱ አስቀምጡት እንጂ ተናዳችሁ አትድፉት።

ውጭ አገር ያላችሁም ልትጠነቀቁ የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። ጤፍ ግሉተን የለውም። ብዙ ቦታ የሚሸጠው እንጀራ ግን የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ይገባበታል። በግሉተን የሚታመም ሰው ቤት ካለ የማሸጊያውን ጽሑፍ ሳታነቡ አትግዙ፤ ሬስቶራንት ውስጥም «መቶ በመቶ ጤፍ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ታዲያ ማን ምን ይግዛ? ቤተሰቡ አራትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ምጣድና የሚጋግር ሰው ካለ፣ እህሉን ይግዛ። እኛ አምስት ነን፤ አንድ ኩንታል ሃምሳ ቀን ገደማ ያቆየናል። ሁለት ሰው ከሆናችሁና ሁለታችሁም ሥራ የምትውሉ ከሆነ ሰፈር ውስጥ ከምትታወቅ ጋጋሪ ጋር መስማማት ይሻላል፤ ጤፉን እናንተ ገዝታችሁ አስፈጭታችሁ ስጧትና የመጋገሪያዋን ክፈሏት። ይህኛው ብዙ ሰው የማያስበው መንገድ ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ጥሩው እሱ ነው። ብቻችሁን የምትኖሩ ከሆነ ያለ ሐሳብ የተጋገረውን ግዙ። ለሁለት እንጀራ ሊጥ ማቡካትና ምጣድ ማጋል አያዋጣም። አንድ ቀን ብቻ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፣ ከዚያ ከየትኛው ሱቅ እንደምትገዙ ታውቃላችሁ።