ሰርቬይ እየሞሉ ገንዘብ፦ በሰዓት ሲሰላ የትኛው ያዋጣል?

ማታ ፓርኪንግ ላይ ቡዝ ውስጥ የሚቀመጡ፣ ኡበር የሚነዱ፣ ልጅ ይዘው ቤት የዋሉ ወዳጆቼ ሁሉ አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «ኢንተርኔት ላይ ሰርቬይ (መጠይቅ) እየሞሉ ገንዘብ ማግኘት ይቻላል አሉ፣ የቱን ልጀምር?» ለእያንዳንዱ በስልክ ማስረዳት ሰለቸኝ። አሜሪካ ላላችሁ መልሴ ፕሮሊፊክ የሚባለው የሰርቬይ ጣቢያ ነው። በነጥብ የሚከፍሉትን ስዋግባክስንና ሰርቬይ ጃንኪን የሚያሞግስ ሰው ካጋጠማችሁ፣ የጋበዘው ሰው በተመዘገበ ቁጥር ኮሚሽን ያገኝ እንደሆነ ጠይቁት።

ሰው የሚሸወደው ዋጋው ላይ ነው። ዶላሩን ያያል፣ ደቂቃውን አይቆጥርም። ስዋግባክስ ላይ 100 ነጥብ ማለት አንድ ዶላር ግድም ነው። ለ20 ደቂቃ ሰርቬይ 80 ነጥብ ከተባለ 80 ሳንቲም ነው፤ በሰዓት 2 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይመጣል። ከ2009 ጀምሮ ንቅንቅ ያላለው የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ እንኳ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ሰርቬይ ጃንኪም 100 ነጥቡ አንድ ዶላር ነው፤ መልኩ ጸዳ ያለ ነው፣ ሒሳቡ ግን ያው ነው።

ይህም ሰርቬዩን ከጨረሳችሁ ነው። ጊዜያችሁን የሚበላው ማጣሪያው ነው። ዕድሜ፣ ዘር፣ የቤተሰብ ገቢ፣ ስንት መኪና አላችሁ፣ የውሻ ምግብ ትገዛላችሁ ወይ እያለ ደቂቃዎች ከወሰደ በኋላ «ይቅርታ፣ መስፈርቱን አያሟሉም» ይላል። ሥራ ፈላጊን ሙሉ ፈተና አስፈትኖ «ቦታው ትናንት ተይዟል» እንደማለት ነው። ምክንያቱ ኮታ ነው። ጥናቱን ያዘዘው ኩባንያ ይህን ያህል ወንድ፣ ይህን ያህል ሴት፣ ከዚህ ዕድሜ ይህን ያህል ሰው ብሎ ነው የሚያዘው። ኮታው ከሞላ እናንተ ትርፍ ናችሁ፣ የሞላችሁት መልስም ምንም አያስገኝላችሁም። ማጽናኛ ተብሎ የሚሰጠው አንድ ሁለት ነጥብ ነው፤ ማለትም አንድ ሁለት ሳንቲም።

«እንግዲያው ሁሉም ላይ እመዘገባለሁ» የሚል ብልጥ አይጠፋም። አይሠራም። አብዛኞቹ የነጥብ ጣቢያዎች ሰርቬዩን ራሳቸው አያዘጋጁትም፤ እንደ ሲንት ካሉ ደላሎች ተቀብለው ነው የሚያሳዩት። ስለዚህ ያው አንድ ሰርቬይ በተለያየ ስም ይመጣባችኋል፤ ሁለተኛው ላይ ስትገቡ «ከዚህ በፊት ሞልተውታል» ተብላችሁ ትባረራላችሁ።

ፕሮሊፊክ አሠራሩ ሌላ ነው። በ2014 እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ውስጥ የተጀመረ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ደንበኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው፤ አሁን አሁን የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኩባንያዎችም በዝተዋል። ስለራሳችሁ የሚጠየቀውን አንድ ጊዜ ፕሮፋይላችሁ ላይ ትሞላላችሁ፣ ከዚያ የማይመለከታችሁን ጥናት ከነጭራሹ አያሳያችሁም። ውስጥ ገብታችሁ ተጣርታችሁ ብትወጡ እንኳ ተመራማሪው ለዚያች ጊዜ ትንሽ ሳንቲም መክፈል ግዴታው ነው። ተመራማሪው በሰዓት ከ8 ዶላር በታች እንዲከፍል አይፈቀድለትም፤ ጣቢያው ራሱ የሚመክረው 12 ዶላር ነው። ከስዋግባክሱ 2 ዶላር ከ40 ጋር አስተያዩት። ክፍያው በነጥብ ሳይሆን በገንዘብ ነው የሚጻፈው፣ ወደ ፔይፓል ይወጣል። ተመራማሪው በ21 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ ሥራችሁ እንደጸደቀ ይቆጠራል።

እንከን የለበትም አልልም። ተመዝግባችሁ ተራ መጠበቅ ሊኖር ይችላል። ጥናቱ ሲመጣ ቦታው ቶሎ ይሞላል፤ አንዳንድ ቀን ሁለት ሦስት ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ዝር አይልም። ብዙው ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ ስለዚህ ቡዝ ውስጥ በስልክ ብቻ ለሚሠራ ሰው ግማሹ ያመልጠዋል። የሰዓት ክፍያው የሚሰላው ሰው በአማካይ በሚፈጅበት ጊዜ ስለሆነ እንግሊዝኛ ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ከተባለው ያነሰ ይደርሰዋል። ትኩረት መፈተሻ የሚባሉ ጥያቄዎችም አሉ («እዚህ ላይ አረንጓዴን ምረጡ» ዓይነት)፤ እነሱን እየዘለለ የሚሞላ ሰው ሥራው ይጣልበታል፣ ሲደጋገም ደግሞ ከጣቢያው ይታገዳል። ቋንቋ የሚለው ቦታ ላይ አማርኛን መሙላት አትርሱ። የእኛ ሰው «ማን ይፈልገዋል» ብሎ ይተወዋል፤ ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎችን የሚሹ ጥናቶች ግን አሉ።

ከጎኑ ምን ይያዝ ካላችሁ፣ የጉግል ኦፒኒየን ሪዋርድስን ስልካችሁ ላይ ጫኑት። ቢበዛ በአንድ ሰርቬይ አንድ ዶላር ነው፣ ግን ከግማሽ ደቂቃ ብዙም አይወስድም። አንድሮይድ ላይ የሚሰጠው የፕሌይ ስቶር ክሬዲት ነው፣ በዓመቱ ጊዜው ያልፋል፤ አይፎን ላይ ግን በፔይፓል ይከፍላል። ድረ ገጽ የሚያስሞክረው ዩዘርቴስቲንግ ለ20 ደቂቃ ሙከራ 10 ዶላር ግድም ስለሚከፍል በሰዓት ሲሰላ ፕሮሊፊክንም ይበልጣል፤ ችግሩ ሥራው ብርቅ ነው፣ ደግሞም ድረ ገጹን እያያችሁ ጮክ ብላችሁ በእንግሊዝኛ መናገር አለባችሁ። «አክሰንቴ» ብላችሁ የምትፈሩ፣ ፍርሃቱን ተዉት። ዋናው የሐሳባችሁ መሰማት ነው።

የትኛውንም ብትይዙ ገንዘብ አታከማቹ። ስሙን የማልጠራው አንድ የነጥብ ጣቢያ፣ ነጥቤ ሃያ ዶላር ግድም ሞልቶ ላውጣ ስል አካውንቴን «ለማጣራት» ብሎ ዘጋው። ኢሜይል ብጽፍ የሚመልስልኝ ማሽን ነው። ዝቅተኛው መጠን ሲሞላ ያኔውኑ አውጡ።

አሁን ወደ ፎርጅዱ። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ላይ «ሰርቬይ ሙሉ፣ በቀን 100 ዶላር» የሚሉት ሌላ ንግድ ነው የያዙት። መጀመሪያ አምስት አሥር ዶላር በእርግጥ ይከፍሏችኋል፣ እንድታምኗቸው። ከዚያ «ከፍ ወዳለው ደረጃ ለመግባት» በክሪፕቶ አስገቡ ይላሉ፣ ያስገባችሁት አይመለስም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በዚህ ዓይነት ማጭበርበር በ2023 ሙሉ ዓመት 5,000 ያህል አቤቱታ ደርሶት ነበር፤ በ2024 የመጀመሪያ ስድስት ወር ብቻ 20,000 ገደማ ደረሰው። እውነተኛ የሰርቬይ ጣቢያ ለመመዝገብም ሆነ ገንዘብ ለማውጣት አንድ ሳንቲም አይጠይቅም። መታወቂያ ፎቶ ፕሮሊፊክም ይጠይቃል፤ የባንክ የይለፍ ቃል ግን የሚጠይቅ ሌባ ብቻ ነው።

አገር ቤት ያሉ ወንድም እህቶቻችሁ እንዲሞክሩት ልትልኩላቸው ከሆነ፣ ፕሮሊፊክ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚኖር ሰው ክፍት አይደለም። የሚቀበለው በአብዛኛው ኦኢሲዲ የሚባለው፣ ባመዛኙ የሀብታም አገሮች ማኅበር አባል አገር ነዋሪዎችን ነው፤ ጀርመን፣ ስዊድን፣ እስራኤል ያላችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ያሉበትን አገር የሚደብቅ ቪፒኤን ከፍቶ መግባት ያሳግዳል። ቴሌግራም ላይ «ቬሪፋይድ አካውንት» (ማንነቱ ተረጋግጦ ያለፈ) ተብሎ የሚሸጠውንም እንዳይገዙ ንገሯቸው፤ መታወቂያውም ፔይፓሉም በሻጩ ስም ስለሆነ፣ የሠሩበትን ገንዘብ ሊወስደው የሚችለው እሱ ነው።

ታክሱን ደግሞ አትዘንጉ። አሜሪካ ውስጥ ከግል ሥራ የሚገኝ የተጣራ ገቢ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ ማሳወቅ ግዴታ ነው፣ ቅጽ ተላከላችሁም አልተላከላችሁም። ኡበር የምትነዱ ይህን መስመር ድሮ ስላለፋችሁት የሰርቬዩ ገቢ ከላዩ ይደመራል። የፔይፓሉን ዝርዝር በየወሩ አውርዳችሁ ታክስ ለሚሠራላችሁ ሰው አስቀምጡለት።