ለአዲስ ድመት የሚገዙ ዕቃዎች ግምገማ፦ ከፌሮሞኑ በፊት ካርቶኑ

ከመጠለያ የወጣች ድመት አዲስ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምትፈልገው መጫወቻም ለስላሳ ፍራሽም አይደለም። ማንም ሳያያት እሷ ሁሉን የምታይበት ጥግ ነው የምትፈልገው። «ድመትዎን ያረጋጋል» ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ አብዛኛው ይህን አይሰጣትም፤ እንዲያውም አዲስ ሽታና አዲስ ድምፅ ይጨምርባታል። ስለዚህ ዕቃዎቹን የመዘንናቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ድመቷ መቼ እንደምትቀርብ፣ መቼ እንደምትሸሸግ ራሷ እንድትወስን ይረዳታል ወይስ አይረዳትም?

የመጓጓዣ ሳጥን

ገንዘብ ማውጣት ካለብዎ መጀመሪያ እዚህ ላይ ያውጡ። የምንመክረው ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ፣ ከፊትም ከላይም በር ያለው፣ የላይኛው ግማሹ ማያያዣዎቹ ሲፈቱ ተነቅሎ የሚነሳ ሳጥን ነው። የመነቀሉ ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ጥቅሙ የሚታወቀው ሐኪም ዘንድ ነው። የፈራች ድመት ከጠባብ በር ተጎትታ ስትወጣ ትቧጭራለች፣ ትነክሳለች። ክዳኑ ከተነሳ ግን ታችኛው ግማሽ ላይ ፎጣ ጣል ተደርጎባት እንደተቀመጠች ትመረመራለች። ስፋቱ ቆማ ዞር እንድትል፣ ተጋድማም እንድትተኛ ካስቻላት በቂ ነው፤ በጣም ከሰፋ መኪና ውስጥ ወዲያና ወዲህ ትንሸራተትበታለች።

የጨርቅ ቦርሳዎቹ ለመሸከም ቀላል ናቸው፤ ለፈራች ድመት ግን አንመክራቸውም። ጣሪያቸው ይረግብባታል፣ ዚፓቸውን በጥፍሯ ገፍታ ትከፍተዋለች፣ ስትሸናባቸው ደግሞ ሽንቱ ስፌት ውስጥ ገብቶ አይለቅም። የፕላስቲኩም የራሱ ጉድለት አለው። የሽቦ በሩ የቆመው ከላይና ከታች ቀዳዳ ውስጥ በሚገቡ ዘንጎች ነው፤ አንዱ ዘንግ ቦታውን ካልያዘ በሩ የተዘጋ መስሎ ይቆይና መንገድ ላይ ይገነጠላል። ድመቷን ከማስገባትዎ በፊት ባዶውን ሳጥን በእጀታው አንሥተው ነቅነቅ ያድርጉት፤ በሩንም በጣትዎ ገፋ አድርገው ይፈትሹት።

ቤት ሲደርሱ ሳጥኑን አስቀድሞ በተዘጋጀ አንድ ክፍል ወለል ላይ አስቀምጠው በሩን ከፍተው ይውጡ። አይጥሯት፣ ሳጥኑንም አዘንብለው አያውጧት። ማታ ሁሉ ጸጥ ሲል ራሷ ትወጣለች። ሳጥኑ እዚያው ክፍት ሆኖ ይቆይ፤ የሚያስፈራ ቀን ብቻ ከጓዳ የሚወጣ ዕቃ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ገና ስታየው ትሸሻለች።

መሸሸጊያ

ከገመገምናቸው ሁሉ ብልጫ ያለው ባዶ ካርቶን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት የኔዘርላንዱ ኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መጠለያ አዲስ የገቡ 19 ድመቶችን ተከታትለው ነበር፤ ገሚሶቹ መሸሸጊያ ሳጥን አገኙ፣ ገሚሶቹ አላገኙም። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ሳጥን ያገኙት የጭንቀት ምልክታቸው ካላገኙት በግልጽ ያነሰ ነበር። ቤት ውስጥም የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ መደበቅ ለድመት የመረጋጊያ መንገዷ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ድመቷ ገብታ ዞራ የምትተኛበት ካርቶን ይምረጡ፤ ለአዋቂ ድመት ርዝመቱ 45፣ ስፋቱ 35፣ ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ይበቃል። የብረት ስፒሎቹን ይንቀሉ። አንዱ ጎን ላይ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መግቢያ ይቁረጡ፤ በሌላው ጎን ደግሞ መውጫ። ሁለተኛው ቀዳዳ ሊረሳ የማይገባው ነው። መግቢያው አንድ ብቻ ከሆነ ሰው ከፊት ለፊቷ ሲቀመጥ መሸሸጊያው ወጥመድ ይሆንባታል፤ ከዚያ በኋላ ወይ አትገባበትም ወይ ከውስጥ ሆና በጥፍሯ ትማታለች። መግቢያዎቹን በግድግዳ አያስጠጉ፤ የክፍሉን በር ግን ከውስጥ ሆና እንድታይ አድርገው ያዙሩት። ከመጠለያው የመጣ ጨርቅ ካለ ሳይታጠብ ውስጡ ያንጥፉት፤ ቤቱ ውስጥ የምታውቀው ሽታ እሱ ብቻ ነው።

በሱቅ የሚሸጡት የዋሻ ቅርፅ ያላቸው ፍራሾች ያምራሉ፤ ብዙዎቹ ግን ቀዳዳቸው አንድ ነው፣ የፋብሪካ ሽታቸውም ጠንካራ ነው። የገዛ ሰው ጥቂት ቀን ነፋስ ያስመታቸው።

ካርቶኑ የማይሠራበት አንድ ሁኔታ አለ፦ ክፍሉ የተሻለ ጉድጓድ ካለው። ድመቷ ከመምጣቷ በፊት ከማቀዝቀዣና ከምድጃ ጀርባ ያለውን ክፍተት፣ የሶፋውን የታች ጨርቅ ቀዳዳ፣ የቁም ሣጥን ጀርባውን ይድፈኑ። ጭንቅላቷ የገባበት ሁሉ መላ ሰውነቷ ይገባል። አንዴ ሶፋ ሆድ ውስጥ ከገባች ለማውጣት ሶፋው መገልበጥ አለበት፤ የዚያን ዕለት የተገነባው አመኔታ ሁሉ አብሮ ይገለበጣል። የመስኮት መረቡም ጠበቅ ብሎ መያዙን ይፈትሹ።

ፌሮሞን ማሰራጫ

ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚጠይቁን ስለዚህ ነው። ድመት በወንበር ጠርዝ ላይ በጉንጯ ስትታከክ የምትተወው፣ ሰው የማያሸተው፣ ፌሮሞን የሚባል ምልክት አለ፤ ትርጉሙ «ይህ ቦታ የኔ ነው፣ ሰላም ነው» እንደማለት ነው። የፈረንሳዩ ሴቫ ኩባንያ የሚያመርተው ፌሊዌይ ክላሲክ ይህን ምልክት በላቦራቶሪ አስመስሎ የተሠራ ነው። ሶኬት ላይ ይሰካል፣ ፈሳሹን አሙቆ ያተናል። 48 ሚሊ ሊትር የያዘው ጠርሙስ 30 ቀን ገደማ ይቆያል፤ አምራቹ እስከ 70 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ይላል፤ ማሞቂያው ራሱ በየ6 ወሩ መቀየር አለበት።

ጥናቶቹ አልተስማሙም። በአንዳንዶቹ ሽንት መርጨትና መቧጨር ቀንሷል፤ በሌሎቹ ፌሮሞን የሌለው ፈሳሽ ከሚያተን መሣሪያ አልበለጠም። ፍርዳችን ይህ ነው፦ ክፍሉ፣ መሸሸጊያውና የምትጸዳዳበት አሸዋ ከተስተካከለ በኋላ የሚጨመር ነው፤ እነሱን አይተካም። ልጆች እየገቡ የሚጎትቷትን ድመት ምንም ዓይነት ተን አያረጋጋትም።

ከሚገዙት መካከል «አልሠራም» የሚሉት ብዙዎቹ የተሳሳቱት በአሰካኩ ነው። ከመጋረጃ ወይም ከሶፋ ጀርባ፣ ከመደርደሪያ ሥር ሲሰካ ተኑ ወደላይ ሲወጣ ይታገዳል፤ ከላዩ ያለው ዕቃ ላይም የቅባት ነጠብጣብ ይተዋል። ሌሊት የሚነቅሉትም አሉ። ድመቷ ከመድረሷ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይሰካ፣ ከዚያ በኋላ ሌት ተቀን አይነቀል። የሚረጨው ዓይነት ደግሞ አልኮል አለው፤ የመጓጓዣ ሳጥኑ ውስጥ ረጭተው 15 ደቂቃ ሳይጠብቁ ድመቷን ካስገቧት የምትሸሸው አልኮሉን ነው። በድመቷ ሰውነት ላይ ፈጽሞ አይረጭም። ለብዙ ድመቶች ተብሎ የሚሸጠው ማሰራጫ የያዘው ሌላ ፌሮሞን ስለሆነ ለአንዲት አዲስ ድመት ሳይሆን ቤት ውስጥ ለሚጣሉ ድመቶች የታሰበ ነው።

«ተፈጥሯዊ» በሚል ስም ከእነዚህ ጎን የሚደረደሩትን መዓዛማ ዘይቶች ግን አይግዙ። የድመት ጉበት ብዙ የእፅዋት ዘይቶችን የሚያስወግድበት አቅም ደካማ ነው፤ የሻይ ዛፍ ዘይት በተለይ ይመርዛታል።

የአሸዋ ሳጥንና አሸዋ

ሣጥኑ ከድመቷ አፍንጫ እስከ ጭራዋ ሥር ያለውን ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ መሆን አለበት። ለድመት ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ከዚህ ያጥራሉ። ልብስ ማስቀመጫ ትልቅ የፕላስቲክ ሣጥን ገዝተው አንዱን ጎን ከወለሉ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ብቻ እንዲቀረው ዝቅ አድርገው ቢቆርጡት፣ ጠርዙንም በብርጭቆ ወረቀት ቢያለሰልሱት ይሻላል፤ ለግልገልና ለአረጋዊት ድመት የበለጠ ዝቅ ይበል። ክዳን ያለው ሽታውን የሚያምቀው ለእሷ ነው፣ ማምለጫም ያሳጣታል። በራሱ የሚጸዳው ሞተር ያለው ሣጥን ለተረጋጋች ድመት ሊሆን ይችላል፤ በመጀመሪያው ወር ግን ድምፁ አንዴ ካስደነገጣት ምንጣፉ ላይ መሽናት ትጀምራለች።

አሸዋው መጠለያው ይጠቀምበት የነበረው ዓይነት ይሁን። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል እውነት ነው፤ እግሯ የለመደውን ትፈልጋለች። ዓይነቱን መቀየር ካስፈለገ ከተረጋጋች በኋላ ቀስ በቀስ ይቀላቀል። ሽቶ የሌለው ይምረጡ፤ ሽቶው ለሰው አፍንጫ የተሠራ ነው። ውፍረቱ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር። ሲረጥብ የሚድቦለቦለው የቤንቶናይት አሸዋ ለማጽዳት ምርጥ ነው፤ ያገኙትን ሁሉ ለሚቀምሱ ትንንሽ ግልገሎች ግን አይሰጥም። በቀን አንዴ ቢያንስ ይዛቅ። ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ከድመቷ ሰገራ ወጥቶ ሰውን ለመያዝ ከ1 እስከ 5 ቀን ስለሚፈልግ የዕለት ዕለት ማጽዳት ሰውንም ይጠብቃል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ትተው። ሣጥኑ ሲታጠብ በለስላሳ ሳሙና ይበቃል። በረኪና ከሽንት አሞኒያ ጋር ሲገናኝ መርዛም ጋዝ ይፈጥራል።

ቦታው ከምግቡ ተቃራኒ ጥግ ነው፤ ከልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠገብ አይደለም።

ውጭ ከሸናች የኢንዛይም ማጽጃ ያስፈልጋል። በተራ ሳሙና የታጠበ ቦታ ለሰው ቢጠፋም ለእሷ ይሸታታል፣ ተመልሳም ትሸናበታለች። ሽንቱን በጨርቅ ጭነው ይምጠጡ፣ ማጽጃውን ሽንቱ እስከሰረገበት ድረስ እንዲገባ በደንብ ያፍስሱ፣ ጽሑፉ ላይ ያለውን ደቂቃ ይጠብቁ፣ በራሱ ይድረቅ። ረጭቶ ወዲያው መጥረግ ኢንዛይሙ ሳይሠራ መጣል ነው።

ሌሎቹ በአጭሩ

የመቧጨሪያ ግንዱ ቁመት ድመቷ ሙሉ ሰውነቷን እንድትዘረጋበት 80 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፣ በቃጫ ገመድ የተጠቀለለ፣ መቀመጫው ከባድ። በእጅዎ ገፍተው ከተወዛወዘ ይተዉት፤ አንዴ ከተነቃነቀባት ወደ ሶፋው ትሄዳለች። ላባ የተንጠለጠለበት ዘንግ ከሁሉም መጫወቻ ይመረጣል፤ እሷም እርስዎም ሳትነካኩ ስለምትጫወቱ። ሲጨርሱ ይቆለፍበት፤ የተዋጠ ክር አንጀትን ሰብስቦ ይቆርጣል። የጨረር መጫወቻ የሚያዝ ነገር ስለሌለው አንመክረውም። ምንጭ የሚመስለው የውኃ መሣሪያ ለኋላ ይቆይ፤ አሁን ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ይበቃል። ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት በምንም ምክንያት አይቀባ፤ ብዙውን ጊዜ የሚገኝበት ፐርሜትሪን የተባለው ፀረ ተባይ ድመትን ይገድላል።

ምግቡ መጠለያው ይሰጣት የነበረው ይቀጥል፤ የሚለወጥ ከሆነ ከ7 እስከ 10 ቀን እየተቀላቀለ። ድመት ሙሉ ቀን ምንም ካልበላች ለሐኪም ይደወል፤ በተለይ ወፍራም ድመት ስትጾም ጉበቷ ስብ ይሞላል። ማስነጠስና የዓይን እንባ ከመጣች ከሳምንት ገደማ በኋላ ሊታይ ይችላል፤ ብዙዎቹ የመጠለያ ድመቶች የተሸከሙት የኸርፐስ ቫይረስ በጭንቀት የሚቀሰቀሰው በዚያ ጊዜ ነው። ወንድ ድመት ደጋግሞ አሸዋው ላይ እያማጠ ሽንት ካልወጣው ግን ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ሐኪም ዘንድ ይወሰድ።

ሌላ ድመት ካለ ቢያንስ ለ10 ወይም ለ14 ቀን በር ይለያቸው።

ክፍሉን ለመክፈት የቀን ቁጥር አይጠብቁ፤ እሷን ይዩ። እርስዎ እያሉ ትበላለች? ጭራዋን አቁማ ትመጣለች? በሩ ላይ በጉንጯ ትታከካለች? ቀስ ብለው ዓይንዎን ጨፍነው ሲገልጡ መልሳ ትጨፍናለች? እ.ኤ.አ. በ2020 የሰሴክስና የፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ እንዲህ ዓይን ጨፈን የሚያደርግላትን ሰው ድመት ይበልጥ ትቀርባለች። እነዚህ ሲታዩ አንድ ተጨማሪ ክፍል ብቻ ይክፈቱ፣ ካርቶኑንም አብረው ወደዚያ ይውሰዱት፤ አሮጌና የተቦጫጨቀ ቢሆንም በአዲስ አይተኩት፣ ሽታዋ ያለው እሱ ላይ ነውና።