ነፃው የስቴፕ መለማመጃ፦ መፍታት ያስተምራል፣ መምረጥ ግን አያስተምርም

ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ለመማር የሚያመለክት ተማሪ የኤ ሌቭል (የእንግሊዝ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና) ውጤት ብቻውን አይበቃውም። ስቴፕ የተባለ የሒሳብ መግቢያ ፈተናም አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱ ወረቀቶቹ፣ በስቴፕ 2ም በስቴፕ 3ም፣ «1» የሚባለውን ደረጃ እንዲያመጣ ይጠየቃል። ለዚህ ፈተና ዩኒቨርሲቲው ራሱ ያዘጋጀው ስቴፕ ሰፖርት ፕሮግራም የተባለ መለማመጃ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። አስጠኚ ከመቅጠር በፊት እሱን መጨረስ ይሻላል፤ ይህን ያለ ማመንታት እንመክራለን። ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ጉድለቱን ሳያውቅ በእሱ ብቻ የተዘጋጀ ተማሪ ፈተናው ክፍል ውስጥ ይደነግጣል።

ፈተናው እንዲህ ነው። አንዱ ወረቀት 3 ሰዓት ይፈጃል፣ 12 ጥያቄ አለው፦ 8 የንጹህ ሒሳብ፣ 2 የመካኒክስ፣ 2 የፕሮባብሊቲና የስታቲስቲክስ። ጥያቄው እያንዳንዱ 20 ነጥብ ይይዛል፤ የሚቆጠሩት ግን የተሻለ ነጥብ ያገኙት 6 ብቻ ስለሆኑ ጣሪያው 120 ነው። ካልኩሌተር ክልክል ነው፣ የቀመር ዝርዝርም አይሰጥም። ደረጃዎቹ ከላይ ወደ ታች ኤስ፣ 1፣ 2፣ 3 እና ዩ ናቸው። የደረጃው መቁረጫ ነጥብ በየዓመቱ ይለያያል፤ ሆኖም አራት ጥያቄ ከሞላ ጎደል እስከ መጨረሻው የሠራ አብዛኛውን ጊዜ 1 ያገኛል። ስምንት ጥያቄ ነካክቶ የተወ ግን አያገኝም።

የፕሮግራሙ ምርጥ ክፍል መሠረታዊው ነው። 25 የቤት ሥራዎች አሉት፤ እያንዳንዱ በማሟሟቂያ ይጀምራል፣ ቀጥሎ መዘጋጃ ጥያቄዎች ይመጣሉ፣ ከዚያ አንድ እውነተኛ የስቴፕ 1 ጥያቄ፣ በመጨረሻም ማቀዝቀዣ። ስቴፕ 1 እንደ ፈተና ቀርቷል፤ ጥያቄዎቹ ግን ከትምህርት ቤት ሒሳብ ወደ ስቴፕ ለመሻገር አሁንም የሚተካቸው የለም። መዘጋጃዎቹን «ቀላል ናቸው» ብሎ መዝለል የተለመደ ስህተት ነው። ዋናው ጥያቄ የሚፈልገውን ዘዴ እጅ የሚያስለምዱት እነሱ ናቸው።

የስቴፕ ጥያቄ ጠባዩ ምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንይ፤ ምሳሌው ከፕሮግራሙ የተወሰደ አይደለም። መጀመሪያ ይህን አሳዩ ይባላል፦

ሀ⁴ + 4ለ⁴ = (ሀ² + 2ሀለ + 2ለ²)(ሀ² − 2ሀለ + 2ለ²)

ቅንፎቹን ማባዛት ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ «ስለዚህ» ብሎ ይቀጥላል፦ ነ ከ0 የሚበልጥ ሙሉ ቁጥር ሲሆን ነ⁴ + 4^ነ ፕራይም የሚሆነው ነ = 1 ሲሆን ብቻ መሆኑን አረጋግጡ። እዚህ ላይ ብዙው ተማሪ 1፣ 2፣ 3 እያለ ቁጥር መሞከር ይጀምራል። «ስለዚህ» የሚለው ቃል ግን ያለ ምክንያት አልገባም፤ የላይኛውን ተጠቀሙ ማለቱ ነው። ነ ተጋማሽ ከሆነ ድምሩም ተጋማሽና ከ2 የሚበልጥ ስለሆነ ያ ወዲያው ያልቃል። ነ ኢተጋማሽ ከሆነ 4^ነ = 4 × (2^((ነ−1)/2))⁴ ተብሎ ይጻፋል፤ ለ = 2^((ነ−1)/2)፣ ሀ = ነ ብለን ስንተካ ቀመሩ ልክ ይገጥማል።

ነጥብ የሚጠፋው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት ፋክተር አግኝቶ «ስለዚህ ፕራይም አይደለም» ብሎ መዝጋት ማረጋገጫ አይሆንም፤ ትንሹ ፋክተር 1 ሊሆን ይችላልና። እሱን (ነ − ለ)² + ለ² ብለን ብንጽፈው ነ 3 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ለ ቢያንስ 2 ስለሆነ ፋክተሩ ቢያንስ 4 ነው፣ አለቀ። ነ = 1 ሲሆን ደግሞ ድምሩ 5 ነው፣ 5ም ፕራይም ነው፤ ይህችን አጭር መስመር ሳይጽፍ የሚያልፍ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ፕሮግራሙ ጥያቄውን ሲያቀርብ የሚያስፈልገውን ዘዴ አስቀድሞ በመዘጋጃው አስይዞ ነው። ለስቴፕ 2 እና ለስቴፕ 3 የተዘጋጁት ክፍሎችም በርዕስ የተከፈሉ ናቸው፤ ክፍሉ ስለ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ከሆነ መልሱም ከዚያው እንደሚመጣ ይታወቃል። ፈተናው ላይ ይህ ፍንጭ የለም። ከ12 የትኛውን እንደምትይዙ፣ የያዛችሁት አልሄድ ሲል መቼ እንደምትለቁት ፕሮግራሙ አያለማምድም። የፈታኞችን ሪፖርት ያነበበ ያውቀዋል፤ ደጋግመው ከሚያነሷቸው ቅሬታዎች አንዱ ብዙ ጥያቄ ጀምሮ አንዱንም አለመጨረስ ነው።

ይህን የሚሞላው ሙሉ የድሮ ወረቀት ነው፣ እሱም በነፃ ይገኛል። ከ2019 እ.ኤ.አ. በፊት ወረቀቱ 13 ወይም ከዚያ በላይ ጥያቄ ነበረው፤ በዚያ አትደናገሩ፣ ልምምዱ ያው ነው። ሰዓት ይዛችሁ ከመሥራታችሁ በፊት አንድ መልመጃ ሞክሩ፦ አንድ ወረቀት ወስዳችሁ 12ቱንም በ10 ደቂቃ አንብቡ፣ ሳትፈቱ ስድስት ምረጡ፣ ከየአንዳንዱ ጎን የመጀመሪያውን እርምጃ በአንድ መስመር ጻፉ። ከዚያ ሥሩና ምርጫችሁ ልክ እንደነበር እዩ። አጭር የሚመስል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከባዱ ነው፤ ረጅሙና በንዑስ ክፍል የተከፋፈለው መንገዱን ራሱ ያሳያል። ለአንድ ጥያቄ በአማካይ 30 ደቂቃ ይደርሳል። 10 ደቂቃ ሙሉ አዲስ መስመር ካልተጻፈ ለቆ ወደ ሌላ መሄድ ነው።

ሌላው ድክመት እርማት ነው። ፕሮግራሙ ፍንጭና መፍትሔ ይሰጣል እንጂ የጻፋችሁትን የሚያይ ሰው የለም። መፍትሔ አንብቦ «ገባኝ» ማለት ስቴፕ ላይ ምንም አይጠቅምም። መፍትሔውን ካያችሁ በማግስቱ ባዶ ወረቀት ላይ ከመጀመሪያው እንደገና ጻፉት፤ የት እንደምትቆሙ ያኔ ይታያል። የሚያርም መምህር ወይም የክፍል ጓደኛ ካለ ደግሞ ከሁሉ በፊት «ስለዚህ» ከሚለው ቃል በኋላ የጻፋችሁትን ያንብብ።

መካኒክስንና ስታቲስቲክስን ትምህርት ቤት በደንብ ያልተማረ ተማሪ ስምንቱ የንጹህ ሒሳብ ጥያቄዎች ይበቁታል፣ አይጨነቅ። የቅርብ ዓመታትን ሦስት ወረቀቶች ግን ማንም አስቀድሞ አይክፈታቸው፤ ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት፣ 3 ሰዓት ተቆጥሮ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሳይነሱ ለመሥራት ይቆዩ።